የመርጡለ ማርያሙ ጠያቂ፦ የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል የትምህርት ሕይወት

የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ስም በተነሣ ቁጥር ለብዙዎቻችን ፈጥኖ የሚታሰበን የታሰሩበት ሰንሰለት፣ የተቀበሉት ግርፋትና የሞታቸው ነገር ነው። በየቁምስናችንም ገድላቸው ሲነገር ትረካው የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው። እኛ በዚህ እትም ከመጀመሪያው ልንነሣና እኒህ የጎጃም ሰው ተማሪ ሳሉ እንዴት እንደ ተማሩ፣ መምህር ሲሆኑም እንዴት እንዳስተማሩ ልንተርክ ወደድን። ለዚህ ያነሣሣን ከመምህራኑ ጋር በተሰበሰብን ቁጥር ተደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ ነው። ሕፃናት ከተዘጋጀው ትምህርት ውጭ ሲጠይቁን ምን እናድርግ ይሉናል። አንዳንዶች ጥያቄው ጊዜ ያባክናል ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ መልሱን ባለማወቃቸው በልጆች ፊት እንደሚያፍሩ ይነግሩናል። የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን ሕይወት በዚህ በኩል ያየው ሰው ጥቂት ስለ ሆነ፣ እኛ እናየው ዘንድ ተገቢ መስሎ ታየን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብፁዕነታቸው በ1791 ዓ.ም. በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ፣ ዲቦ በምትባል ቀበሌ ተወለዱ። የዛሬዋ ደብረ ማርቆስ በዚያ ዘመን በዚህ ስም አትታወቅም ነበር፤ መንቆረር የሚለው ስሟ የተለወጠው እርሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ነው። መርጡለ ማርያም ግን ያን ጊዜም የታወቀች ጥንታዊት ደብር ነበረች፤ ንግሥት እሌኒ ያሠሩት ታላቅ ሕንፃ ፍርስራሹ እስከ ዛሬ ይታያል። ገብረ ሚካኤል ገና በሕፃንነታቸው ታመው አንድ ዓይናቸውን አጡ። ከዚያ በኋላ የቆጠሩት ፊደል፣ የደገሙት ዳዊት፣ ያገላበጡት ብራና ሁሉ በቀረችው በአንዲቱ ዓይን የተነበበ ነው።

የዚያ ዘመን የጎጃም ሕፃን እንዴት ይማር እንደ ነበር በዕድሜ የገፉ አንባብያን ያውቁታል፤ ለወጣቶቹ ስንል ግን ጥቂት እንቆይበት። ሕፃኑ ከሀሁ ይነሣል፤ አቡጊዳን ይቀጥላል፤ ከዚያ ፊደለ ሐዋርያን፣ የዮሐንስን መልእክትና ወንጌሉን አልፎ መዝሙረ ዳዊትን ይደግማል። የሚያነበው ግእዝ ነው፤ ቤቱ የሚናገረው ግን አማርኛ ነው። ስለዚህ ለዓመታት ቃሉን በአፉ ይይዛል እንጂ ምሥጢሩ አይገባውም፤ ይህ ምን ማለት ነው ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ቢኖርም ጊዜው ገና ነው ተብሎ ይመለሳል። ቅኔ ቤት በገባ ጊዜ ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ትናንት የሌላውን ቃል እንዲደግም የተገደደው ልጅ ዛሬ ማንም ያላለውን እንዲናገር ይጠየቃል። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ብቻውን ተቀምጦ ያውጠነጥናል፤ ሲመሽም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ሰሙን አልፎ ወርቁን መፈለግ ልማዱ ይሆናል።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላም ነገር አለ። ተማሪው መምህሩን የሚመርጠው ራሱ ነው። ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፣ ከጎጃም ወደ ጎንደር የሚያደርሰውን መንገድ አኮፋዳውን ይዞ፣ ለምዱን ለብሶ፣ ከየደጁ ቁራሽ እየለመነ የሚያቋርጠው ያልተመለሰለት ነገር ስላለ ነው። ዜማ የጠማው ወደ ዜማ ቤት ይሄዳል፤ የመጻሕፍት ትርጓሜ የጠማውም የትርጓሜ መምህር ካለበት ይደርሳል። ይህን ስንመለከት አባቶቻችን የሕፃኑን ጥያቄ ጨርሰው ንቀውት ነበር ለማለት አንደፍርም። ችግሩ፣ በእኛ አስተያየት፣ ለጥያቄው የሰጡት ቦታ እጅግ የዘገየ መሆኑ ነው፤ ስንት ሕፃን ከቅኔ ቤት ደጃፍ ሳይደርስ በዳዊት ላይ በአለንጋ ብዛት ተሰናክሎ ቀርቷል። ቅዱስ አውግስጢኖስም የራሱን የልጅነት ትምህርት ሲያስታውስ ይህንኑ አስተውሏል፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ከሞግዚቶቹ ጋር እየተጫወተ ያለ ምንም ጭንቀት መልመዱን፣ በግርፋት ያስተማሩትን ግሪክኛ ግን መጥላቱን ጽፎ፣ ከፍርሃት ይልቅ የማወቅ ፍላጎት ለትምህርት እንደሚረዳ መስክሯል።

ገብረ ሚካኤል ካልተሰናከሉት አንዱ ነበሩ። በሃያዎቹ ዕድሜያቸው በመርጡለ ማርያም ሥርዓተ ምንኵስናን ተቀበሉ። በገዳሙ ኑሮ ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አላቸው። መነኮሳቱ የሚኖሩበት ሁኔታ የጥንት አባቶች ከደነገጉት ሥርዓት ጋር አልገጥም አላቸው። ሌላው ሰው ቢሆን ወይ ያጉረመርም ወይ ከደብሩ ወጥቶ ይሄድ ነበር። እርሳቸው ያደረጉት መጠየቅ ነው። ጥንት ሥርዓቱ እንዴት ነበር፤ መቼ ተለወጠ፤ ለምንስ ተለወጠ? ይህን ለማወቅ ፈቃድ ጠይቀው ከገዳም ወደ ገዳም እየተዘዋወሩ መጻሕፍት መመርመር ጀመሩ፤ በመጨረሻም ሊቃውንት ከሚበዙባት ከጎንደር ደረሱ። በዚያም ተማሪዎች ተከተሏቸው፤ አብረዋቸውም ይመረምሩ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንፈልጋለን። ይህን ሁሉ ትምህርት በዚህ ቅደም ተከተል ያዘጋጀላቸው መምህር አልነበረም። ስለ ምንኵስና ሥርዓት የነበራቸው ጥያቄ ወደ ታሪክ መጻሕፍት መራቸው፤ ታሪኩም የሥርዓቱ መላላት ምክንያቱ የሃይማኖት ትምህርት መከፋፈል ነው ወደሚል ሐሳብ አደረሳቸው፤ ይህም በፈንታው ስለ ጌታችን ሰው መሆን ወደሚነገረው ክርክር አገባቸው። ያ ዘመን ጎጃም፣ ጎንደርና ሸዋ በቅባት፣ በጸጋና በተዋሕዶ ስም የተከፋፈሉበት እንደ ነበር ይታወቃል። ገብረ ሚካኤል በአንዱ ወገን ተቀምጠው ሌላውን ከመንቀፍ ይልቅ የሁሉንም መሠረት ለማየት ፈለጉ። በአገር ውስጥ ያገኟቸው መጻሕፍት ባላረኳቸውም ጊዜ እስከ ኢየሩሳሌም ሄደው ለመጠየቅ ቆረጡ።

ስለ ራሳችን አንድ ነገር ብንጨምር አንባቢ ይታገሠን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በደጋው በአንድ ጸሎት ቤት ለሕፃናት ስለ ጌታችን ልደት እናስተምር ነበር። እረኞቹ የመልአኩን ቃል ሰምተው ወደ ቤተ ልሔም ሄዱ ካልን በኋላ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ተነሣና ታዲያ በጎቹን ማን ጠበቃቸው ብሎ ጠየቀ። ልጁ ራሱ እረኛ ነው፤ የጅብን ነገር ያውቃል፤ በሌሊት በጎችን ትቶ መሄድ ምን እንደሚያስከትል አባቱ አሳምሮ አስተምሮታል። ሌሎቹ ሳቁ። እኛም ይህ በዛሬው ትምህርት ውስጥ የለም ብለን አስቀመጥነው፤ ልጁም ለብዙ ሳምንታት አፉን አልከፈተም። የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን ታሪክ እንደ ገና ባነበብን ጊዜ ያ ልጅ ትዝ አለንና አፈርን። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱን ከእርሱ ጥያቄ ጀመርን። በጎቹን ማን ጠበቀ ከሚለው ተነሥተን፣ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዱን ፍለጋ ወደ ሄደው ሰው፣ ከእርሱም ነፍሱን ስለ በጎቹ አሳልፎ ወደሚሰጠው ወደ ቸሩ እረኛና ተኵላ ሲመጣ ወደሚሸሸው ምንደኛ ደረስን። ከዚያም በግ ይጠብቅ ወደ ነበረው ወደ ዳዊት ተመለስን። ስድስት እሑድ ፈጀብን፤ መጽሐፋችን ለዚያ ሁሉ የመደበው አንድ እሑድ ነበር።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በ1841 ዓ.ም. የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከግብፅ አዲስ ጳጳስ የሚያመጣ መልእክተኛ ጓድ ወደ ካይሮ ላኩ። ከመልእክተኞቹም አንዱ ገብረ ሚካኤል ነበሩ፤ ጉዞው ለጥያቄያቸው መልስ የሚያገኙበት መንገድ መስሎ ታያቸው። ጓዱን እንዲመሩ የተለመኑት ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ኢጣሊያዊው የላዛሪስት ማኅበር ካህን ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ፣ ሕዝባችን አቡነ ያዕቆብ የሚላቸው ቅዱስ ናቸው። በካይሮ ፓትርያርኩ ገና ወጣት የነበሩትን አቡነ ሰላማን ሾሙላቸው። ከመልእክተኞቹ ከፊሎቹ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ወደ ሮም ተሻገሩ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ በክብር ተቀበሏቸው፤ ሲመለሱም ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ።

በዚህ ረጅም ጉዞ አቡነ ያዕቆብ ስላደረጉት ነገር ብዙ ተጽፏል፤ እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን ያላደረጉት ነው። ከአንድ የተማረ፣ ጠያቂና ተከራካሪ መነኩሴ ጋር በመርከብና በበቅሎ ወራት አሳልፈው ለማሳመን አልቸኮሉም። የጠየቁትን መለሱ፤ ያልጠየቁትን ለጊዜው ተዉ። ገብረ ሚካኤልም ወደ አገራቸው እንደ ተመለሱ ወዲያው አልወሰኑም፤ ያዩትንና የሰሙትን ከመጻሕፍቱ ጋር እያመሳከሩ ቆዩ። ወደ አቡነ ያዕቆብ ተመልሰው የመጡት በ1843 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜም ለወራት ተቀምጠው መረመሩ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን እምነት የተቀበሉት በ1844 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከአምሳ አልፎ ነበር። አንድ መምህር ተማሪው ራሱ እስኪደርስበት ድረስ ሦስት ዓመት ታገሠ ማለት ነው። እኛ በሦስት ወር ውስጥ ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ ያልያዘውን ልጅ ሰነፍ እንለዋለን።

ከዚህ በኋላ በአዲግራት አጠገብ በጓላ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በንጽሕት ድንግል ማርያም ስም የተሰየመው የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ነው። ወደዚያ የመጡት ሁሉ በአንድ ዕድሜ ላይ አልነበሩም፤ ገና ልጆች የሆኑ ነበሩ፤ በሌላ ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት ያሳለፉም ነበሩ። ገብረ ሚካኤል ከአቡነ ያዕቆብ ጋር በዚህ ሥራ ተጠመዱ። ሁለቱ መምህራን እርስ በርሳቸው ተማማሩ ብንል ማጋነን አይሆንም። አቡነ ያዕቆብ የሮምን ነገረ መለኮት ያውቃሉ፤ ገብረ ሚካኤል ደግሞ ግእዙን፣ የአገሩን ሊቃውንት አነጋገርና ተማሪው የሚጠይቀውን ጥያቄ ያውቃሉ። ስለዚህ የላቲኑን መጽሐፍ እንዳለ አምጥተው ተማሪው ላይ አልጫኑም። ትምህርተ ክርስቶሱንና የግብረ ገብ ነገረ መለኮቱን በግእዝ አዘጋጁ፤ ለአገሩ ልማድ እንዲስማማም አደረጉት። ገብረ ሚካኤል ለተማሪዎቹ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሰናዱ። ሰው ቃሉን የሚፈልግበት መጽሐፍ ሳይኖረው ሲቀር ዘወትር ከመምህሩ አፍ ሥር ይቀራል፤ መዝገበ ቃላት የያዘ ልጅ ግን ራሱ ሄዶ ይፈልጋል። ለእኛ ከሥራዎቻቸው ሁሉ ይህ አንዱ ዕጹብ ሆኖ ይታየናል።

እነርሱ በጓላ ይህን ካደረጉ ከስድሳ ዓመታት በኋላ፣ በጥር 1907 ዓ.ም. ማሪያ ሞንቴሶሪ የምትባል ካቶሊካዊት ሐኪም በሮም ከተማ በድሆች ሠፈር የሕፃናት ቤት ከፈተች። የልጆቹን ትምህርት በመምህሩ መጽሐፍ ሳይሆን ልጆቹ ሊነኩት፣ ሊሞክሩትና ሊያውቁት በሚፈልጉት ነገር ዙሪያ አዘጋጀች፤ የእርሷም ዘዴ በዓለም ሁሉ ተሰራጨ። ከዚያ በኋላ በባርሴሎና ሕፃናት ቅዳሴን እንዲያውቁ በተደረገ ጊዜ፣ ልጆቹ ራሳቸው ስንዴ እንዲዘሩና ወይን እንዲተክሉ ተደርጓል፤ ለመሥዋዕት የሚቀርበው ኅብስትና ወይን ከየት እንደሚመጣ በእጃቸው ያውቁ ዘንድ ነው። ይህን ያነሣነው ለጎጃም ልጅ ከዚህ የሚቀርብ ትምህርት ስለሌለ ነው። የባርሴሎናው ልጅ ስንዴን በትምህርት ቤት አጥር ውስጥ ነው ያየው። የእኛ ልጅ ከማሳው ነው የሚመጣው፤ ሲታረስ አይቷል፤ አርሟል፤ ወፍ ጠብቋል፤ በአውድማ ላይ በሬ ነድቷል። ኅብስቱ ለምን ከስንዴ ብቻ እንደሚሆን፣ ከጤፍ ለምን እንደማይሆን ከመጠየቅ ወደኋላ አይልም፤ ጠይቀውናልም።

የአባ ገብረ ሚካኤል የቀረው ዘመን በአብዛኛው የስደት ነው። ስደት በተነሣ ጊዜ ትምህርቱም ከቦታ ወደ ቦታ ተንከራተተ። አቡነ ያዕቆብ በ1849 ዓ.ም. በምጽዋ የጵጵስና ማዕርግ ከተቀበሉ በኋላ፣ በ1851 ዓ.ም. የመጀመሪያ ቀን ገብረ ሚካኤልን ቅስና ሾሟቸው። ስድሳ ዓመት ሊሆናቸው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩ ሊቅ ለክህነት እንደ አንድ ወጣት ተማሪ ቀርበው ሲዘጋጁ ማየት ለተማሪዎቹ ምን ይመስል እንደ ነበር መገመት ይቻላል።

በ1854 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በጎንደር ከባልንጀሮቻቸው ጋር ታሰሩ። ደጃዝማች ካሣ አገሩን በአንድ መንግሥትና በአንድ ሃይማኖት ለማጠቃለል ተነሥተው ከአቡነ ሰላማ ጋር የተስማሙበት ጊዜ ነበር። አቡነ ያዕቆብም ታስረው ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። አባ ገብረ ሚካኤል ግን በግንድና በሰንሰለት ቀሩ። ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ በቀረቡ ቁጥር እንደ ጉባኤ ቤት ሊቅ በመጽሐፍ ይመልሱ ነበር ይባላል፤ ከጠያቂነታቸው ጋር የተያያዘው ጽናታቸውም ይኸው ነው። ራሱ መርምሮ ያገኘውን ነገር ሰው በግርፋት አይጥለውም፤ በፍርሃት የያዘውን ግን የባሰ ፍርሃት ያስጥለዋል። ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ፣ በ1855 ዓ.ም. በግንቦት ማብቂያ ሞት ተፈረደባቸው፤ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ስለ ማለደላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። በዚያው ክረምት ከሠራዊቱ ጋር በሰንሰለት እየተጎተቱ ሲሄዱ፣ በርኃብና በበሽታ ተዳክመው በመንገድ ላይ ዐረፉ። የሚጠብቋቸው ወታደሮች ሳይቀሩ አከበሯቸው፤ የመጨረሻውንም ግፍ ተቀብለው ዓይናቸው ሳትጠፋ በመቅረቷ ቅዱስ ጊዮርጊስ ይሏቸው እንደ ነበር ይተረካል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1926 ዓ.ም. የብፅዕና ማዕርግ ሰጧቸው። መምህራቸውና ወዳጃቸው አቡነ ያዕቆብ በ1860 ዓ.ም. ዐርፈው፣ በ1975 ዓ.ም. በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ቅድስናቸው ታወጀ።

የሁለቱን ታሪክ ያቆየልን ከተማሪዎቹ አንዱ፣ የዓድዋው አባ ተክለ ሃይማኖት ነው። ያየውንና የሰማውን ጽፎ ባይተው ኖሮ ዛሬ የምናውቀው እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር።

ይህን ታሪክ ቀደም ሲል ላነሣናቸው ሕፃናት በቅርቡ ነግረናቸዋል። ያ እረኛ ልጅ አሁን አድጓል፤ ከፊት ነው የሚቀመጠው። ስለ ሰንሰለቱም ስለ ግርፋቱም አልጠየቀም። ሽማግሌው አባ ገብረ ሚካኤል ለቅስና ሲማሩ፣ ከዚያ በፊት እርሳቸው ያስተማሯቸው ልጆች አብረዋቸው ይቀመጡ ነበር ወይ፣ ስሕተት ሲሠሩስ ልጆቹ ያርሟቸው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀን። የመጪው እሑድ ትምህርት ከዚያ ይጀምራል።